አንድ ዓይነት ዕቃ፣ ሁለት ካርቶን፣ ሁለት ዋጋ፤ ለምን?

ኩሽኔታው፦

ሰላም ወገኖች። አንድ ነገር አልገባኝ ብሎ ነው የመጣሁት። የመኪናዬን የፊት ሎዋር አርም (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘውን የታችኛውን ክንድ) ልቀይር ፈልጌ ሁለት አማራጭ ቀረበልኝ። አንደኛው የመኪናው ፋብሪካ ስም ባለበት ካርቶን ነው፣ ሌላኛው ሌምፎርደር በሚል ካርቶን። ዋጋቸው አይገናኝም፤ የፋብሪካው ከእጥፍ በላይ ነው። እሺ፣ አንድ ልዩነት ቢኖረው ነው ብዬ ሁለቱንም አውጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ቅርጹ አንድ ነው፣ ብረቱ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው፣ ጎሚኒው ላይ ያለው ጽሑፍ ሳይቀር አንድ ነው። ያገኘሁት ልዩነት ቢኖር የፋብሪካው አርማ ያለበት ቦታ ሌምፎርደሩ ላይ ተሞርዶ መጥፋቱ ብቻ ነው።

ምንድን ነው ይሄ? የተሰረቀ ነው? ፋብሪካው አልፈልግም ብሎ የመለሰው ነው? ወይስ እጥፍ የምከፍለው ለአርማው ብቻ ነው? «ኦሪጅናል ካልሆነ አትንካ» የሚለውን ምክር ሰምቼዋለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ እኔ የምፈልገው ምክንያቱን ነው።

መጋዘን ጠባቂ፦

አትስጋ፣ የተሰረቀ አይደለም። እንደውም ያ የተሞረደ ቦታ ጥሩ ምልክት ነው። መለዋወጫ ላይ ስለምሠራ እንዲህ ያለውን በየጊዜው አያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪና ፋብሪካ የምንለው መኪናውን ይነድፋል፣ ቆርቆሮውን ይቀርጻል፣ ሞተሩን ብዙውን ጊዜ ራሱ ይሠራል፣ ከዚያ ይገጣጥማል። የቀረውን በአብዛኛው ከሌላ ነው የሚገዛው። ቦሽ፣ ዴንሶ፣ አይሲን፣ ማህሌ፣ ቫሌዮ፣ ብሬምቦ፣ ኤንጂኬ የምትሏቸው ሁሉ ለፋብሪካዎች የሚያቀርቡ ናቸው። አንዱ ድርጅት ደግሞ ብዙ ስም ይይዛል፤ ሳክስ፣ ሌምፎርደርና ቲአርደብሊው የዜድኤፍ ናቸው፣ ኢና፣ ሉክና ኤፍኤጂ ደግሞ የሼፍለር። አንዳንዶቹ እንዲያውም ከራሱ ከመኪና ፋብሪካው የወጡ ናቸው። ዴንሶ እ.ኤ.አ. በ1949 ከቶዮታ ተለይቶ ነው ራሱን የቻለው። ዴልፋይ በ1999 ከጄኔራል ሞተርስ ወጣ፣ ቪስቲዮን በ2000 ከፎርድ።

አሁን ሌምፎርደር ያንን አርም ለፋብሪካው ሲሠራ ዕቃው በሚቀረጽበት ፎርማ ላይ የፋብሪካው አርማ አለበት። ያንኑ ዕቃ በራሱ ስም ገበያ ላይ ሊሸጥ ሲፈልግ ለአርማ ብሎ ሌላ ፎርማ ማሠራት ውድ ነው። ስለዚህ ከዚያው ፎርማ ያወጣና አርማውን ይፍቀዋል። አርማው የንግድ ምልክት ነው፣ ባለቤቱ ሌላ ነው፣ ይዞት ገበያ መውጣት አይችልም። ዕቃው ግን ያው ነው።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ ሰው ሁሉ የሚገምተው ፋብሪካው ውድ ስለገዛ ውድ ይሸጣል ብሎ ነው። ተቃራኒው ነው። ፋብሪካው በብዛት ስለሚገዛ አቅራቢውን እስከ ሳንቲም ይጨምቀዋል፤ አቅራቢው በዚያ ውል እዚህ ግባ የሚባል ነገር አያተርፍም፣ ትርፉን የሚያገኘው በኋላ በራሱ ካርቶን ለገበያ ሲሸጥ ነው። በፋብሪካው ካርቶን የገባው ደግሞ ከዋናው መጋዘን ወደ አስመጪ፣ ከአስመጪ ወደ ወኪል ሲሄድ በየደረጃው ይጨመርበታል። መጋዘኑም ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። ሞዴሉ መመረት ካቆመ 10 ዓመት ካለፈው በኋላም የበር እጀታ የሚጠይቅ ሰው አለ፣ ያ እጀታ ለዚያ ሰው እስኪደርስ ድረስ ቦታ ይዞ፣ ተቆጥሮ፣ ገንዘብ አስሮ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። የእሱ ወጪ በቶሎ በሚሸጠው ሎዋር አርም ላይ ይጫናል።

ይሄም ሆኖ ዋናው ምክንያት ይሄ አይደለም ባይ ነኝ። የመለዋወጫ ዋጋ የሚወጣው በማሠሪያው ወጪ ሳይሆን ሌላ ማን ይሸጠዋል በሚለው ነው። የዘይት ፊልትሮ ብዙ ሰው ይሠራል፤ ስለዚህ ወኪሉም ብዙ ርቆ መሄድ አይችልም። የፊት መብራት ሙሉውን፣ የዳሽቦርድ ፕላስቲክ፣ አንዲት ጣት የምታክል ክሊፕ ግን ሌላ የሚሠራት ከሌለ የፈለጉትን ይጠሩባታል። ክሊፕ የገዛ ሰው የምለው ይገባዋል።

ታርጋ የለሽ፦

አርማው ሲሞረድ ዋጋውም አብሮ ይሞረዳል ማለት ነው ሃሃሃ። ከዛሬ ጀምሮ ሞረድ ይዤ ነው ገበያ የምወጣው።

ዘይት በእጁ፦

መጋዘን ጠባቂ ያለው ልክ ነው፣ ግን ሰው «ፋብሪካው አንድ ነው» የምትለዋን ይዞ እንዳይሮጥ። ጋራዥ ውስጥ ስንት ነገር የሚመጣብን በዚህች አባባል ነው። አንድ ፋብሪካ ሠራው ማለት አንድ ዓይነት ሠራው ማለት አይደለም።

የፍሬን ሸራ ውሰዱ። ከኋላ ያለው ብረት አንድ ሊሆን ይችላል፣ ልኩ አንድ፣ የሠራው አንድ። ብረቱ ላይ የተለጠፈው ቅመም ግን ሌላ ነው። የመኪናው ፋብሪካ ለዚያ መኪና ክብደት፣ ለዚያ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው)፣ እንዳይጮህና ዲስክ እንዳይበላ ብሎ ያስሞከረው ቅመም አለ። ያው ሸራ ሠሪ ለገበያ ደግሞ አንድን ቅመም ለብዙ ዓይነት መኪና ያወጣል፤ ወጪ ይቀንስለታላ። ሁለቱም ያቆማሉ። አንዱ ሲሞቅ ይጮሃል ወይም ጎማህን ጥቁር አቧራ ያለብሰዋል፣ አንዳንዴ ደግሞ የገበያው ከፋብሪካው ይሻላል፣ እሱም አለ።

አሞርዛተርም እንደዚያው። ከውጭ ስታየው ቱቦ ነው። ውስጡ ያለው ቫልቭ ነው መኪናውን የሚይዘው። ከባድ የናፍጣ ሞተር ላለውና ቀላል የቤንዚን ሞተር ላለው አንድ ሞዴል ቁመቱ አንድ፣ መግጠሚያው አንድ፣ ቫልቩ የተለያየ ሊሆን ይችላል። ይገጥማል። ገጠመ ማለት ግን ሆነ ማለት አይደለም።

የዲናሞ ኩሽኔታ ለምሳሌ ብዙ ጊዜ መደበኛ ቁጥር አለው። 6203 ካለ ማንም ይሥራው ማን ውስጡ 17 ሚሊ ሜትር፣ ውጩ 40፣ ውፍረቱ 12 ነው። ይሄ በዓለም ላይ የታወቀ ልክ ስለሆነ ለዲናሞው ስም ከፍለህ መግዛት የለብህም፣ ከኩሽኔታ ሻጭ በቁጥሩ ትገዛለህ፣ ዋጋውም የትና የት ነው። ግን ከቁጥሩ በኋላ ያለውን አንብብ። ሲ3 የሚል ካለበት በውስጡ ከመደበኛው የሰፋ ክፍተት አለው ማለት ነው፣ ሲሞቅ እንዳይጣበቅ። ዲናሞ በጣም ይፈጥናል፣ ይሞቃል። ያለ ሲ3 የሆነውን «ቁጥሩ አንድ ነው» ብለህ ብታስገባው ቶሎ መጮህ ይጀምራል፣ ከዚያ «ርካሽ ዕቃ» ተብሎ ይሰደባል። ዕቃው ምንም አላጠፋም።

ሌላ ደግሞ፣ ካርቶን ላይ ስሙን ያተመ ሁሉ አምራች አይደለም። ከየቦታው ገዝተው በራሳቸው ካርቶን የሚያሽጉ ብዙ ናቸው። ዛሬ ያገኘኸው ጥሩ ሆኖ በሚቀጥለው ጊዜ በዚያው ካርቶን ሌላ ነገር ልታገኝ ትችላለህ። ስለዚህ ካርቶኑን ሳይሆን ዕቃውን ገልብጣችሁ እዩ። ብረቱ ላይ፣ ጎሚኒው ላይ የሠራው ሰው ስም ወይም ምልክት አብዛኛውን ጊዜ አለ።

ቁጥር አንባቢ፦

እዚህ ውይይት ውስጥ እስካሁን ያልተነሳ አንድ ነገር አለ። ስሙ የሚለያየው በመኪና ፋብሪካና በዕቃ ሠሪ መካከል ብቻ አይደለም፣ በሁለት መኪና ፋብሪካዎች መካከልም ነው። እኔን የሚያስገርመኝ ይሄኛው ነው።

ቶዮታ ጂቲ86 እና ሱባሩ ቢአርዜድ እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ የቀረቡ መንታ መኪኖች ናቸው። ሁለቱንም የሠራው ሱባሩ ነው። ቶዮታ የዚያን መኪና መለዋወጫ በራሱ የዕቃ መጽሐፍ ውስጥ ሲያስገባ ኤስዩ003 ብሎ የሚጀምር የራሱን ቁጥር ሰጠው። ስለዚህ አንድ ዕቃ ሁለት ቁጥር አለው፣ ሁለት መጋዘን፣ ሁለት የዋጋ ዝርዝር። እነዚያ ዝርዝሮች እንዲስማሙ የሚያስገድድ ማንም የለም። በ2019 የወጣው ቶዮታ ሱፕራም እንዲሁ ከቢኤምደብሊው ዜድ4 ጋር ወንድም ነው፤ ሞተሩም የቢኤምደብሊው ነው፣ ቦኔቱን ከፍታችሁ ዕቃዎቹን ብታዩ የቢኤምደብሊው አርማ ታገኛላችሁ። ቶዮታ አይጎ፣ ፔጆ 107 እና ሲትሮየን ሲ1 ደግሞ ከ2005 ጀምሮ ቼክ ሪፐብሊክ ኮሊን ውስጥ ከአንድ ፋብሪካ በር ነው የወጡት።

ሁልጊዜ የቅንጦት ስም ያለው ነው የሚወደደው ብላችሁ አትደምድሙ። አንዳንዴ ተገልብጦ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ መንታ ያለው መኪና የሚነዳ ሰው የሁለቱንም ቁጥር ቢይዝ ጥሩ ነው፣ ሁለቱንም ይጠይቅ፣ የረከሰውን ይግዛ።

የፎልክስዋገን ቡድን በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። አንድ ዓይነት ዕቃ ከሆነ ጎልፍ ላይም ኦዲ ላይም ስኮዳ ላይም ቁጥሩን አይቀይሩትም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላትና ቁጥሮች ዕቃው መጀመሪያ ለየትኛው ሞዴል እንደታሰበ ይናገራሉ፤ 1ኬ0 ከሆነ አምስተኛው ጎልፍ ነው፣ 8ፒ0 ከሆነ በዚያው ዘመን የነበረው ኦዲ ኤ3። መሀል ያለው ቁጥር መጀመሪያው 4 ከሆነ የፊት አክስል፣ 6 ከሆነ ጎማና ፍሬን፣ 9 ከሆነ ኤሌክትሪክ። 1ኬ0 615 301 የሚል የፍሬን ዲስክ ኦዲ ኤ3 ላይ ብታገኙ የጎልፍ ዲስክ ነው የተገጠመለት ማለት ነው፣ ማንም አላታለላችሁም፣ ከፋብሪካው እንዲያ ነው የወጣው። መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ግን ወሳኝ ናት። የዲስኩ ስፋት ወይም የተሻሻለው ዓይነት የሚለየው በእሷ ነው። ቁጥር ስትልኩ እሷን አትቁረጧት። ሰው ሁሌ ይቆርጣታል።

ኩሽኔታው፦

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ሁሉ አልጠበቅኩም። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ በመኪናው ፋብሪካ ቁጥር ተነስቼ የሠራውን ሰው ቁጥር እንዴት ነው የማገኘው? ሁለተኛ፣ የወንድሜ መኪና ገና ዋስትና ላይ ነው፣ እሱ የሌላ ካርቶን ዕቃ ቢገጥም ዋስትናው ይሰረዛል የሚሉት እውነት ነው?

ቁጥር አንባቢ፦

በሻንሲ ቁጥርህ የፋብሪካውን ቁጥር አውጣ። በሞዴልና በዓመተ ምሕረት አትፈልግ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ዓይነት ፍሬን የተገጠመላቸው መኪኖች አሉ። ከዚያ ያንን ቁጥር የዕቃ ሠሪዎቹ ካታሎግ ውስጥ አስገባው። ትልልቆቹ ሁሉ ድረ ገጻቸው ላይ የማመሳከሪያ መፈለጊያ አላቸው፣ በነጻ ነው። ለምሳሌ ቶዮታ 90919-01253 ብሎ የሚሸጠው ካንዴላ ዴንሶ ኤስሲ20ኤችአር11 ነው። ከቶዮታ ካርቶን አውጥተህ ብታየው ራሱ ላይ ዴንሶ ይላል። አለመደበቃቸውን ሳላደንቅ አላልፍም።

ዘይት በእጁ፦

እዚህ ላይ ልጨምር። ካንዴላና ፊልትሮ በብዛት ተመሳስለው የሚሠሩ ናቸው፣ ቶሎ ስለሚሸጡ። አስመሳዩ የሚኮርጀው ደግሞ ርካሹን አይደለም፣ ካርቶኑ ዋጋ ያለውን ነው። ስለዚህ የታወቀ ስም በማይታመን ዋጋ ካገኘህ ደስ አይበልህ። ካንዴላ ከሆነ ጽሑፉን በጣትህ ፈትገው፣ ጥርሱን እይ፣ መሀል ላይ ያለችው የኢሪዲየም ጫፍ እንደ መርፌ ቀጭን መሆን አለባት። ወፍራም ከሆነች ኢሪዲየም የሚለው ጽሑፍ ካርቶኑ ላይ ብቻ ነው ያለው። እንዲህ ያለውን ሞተር ውስጥ ከማስገባት ስሙ ያልታወቀ ግን ትክክለኛ የሆነውን ተራ ካንዴላ ማስገባት ይሻላል።

ኤርባግና የወንበር ቀበቶ ላይ ግን እኔ ክርክር አልወድም። እሱን በሻንሲ ቁጥር ከፋብሪካው ወኪል ውሰዱ፣ አለቀ።

የማታ ተማሪ፦

ስለ ዋስትናው፣ እንደ አገሩ ሕግ ይለያያል፣ ግን በትልልቆቹ ገበያዎች ጉዳዩ ድሮ ነው የተነሳው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግኑሰን ሞስ የዋስትና ሕግ አምራቹ «የእኔን ካርቶን ካልገዛህ ዋስትናህ ይቀራል» እንዳይል ይከለክለዋል፤ ዕቃውን በነጻ ካልሰጠ ወይም የተለየ ፈቃድ ከሌለው በስተቀር። የገጠምከው ዕቃ ራሱ ጉዳት ካደረሰ ግን ያንን ጉዳት አይሸፍንልህም፣ ይሄ ደግሞ ተገቢ ነው። የሌላ ሰው የፍሬን ሸራ ገጥመህ ሬዲዮህ ቢበላሽ በሸራው ምክንያት ሬዲዮውን አልጠግንም ሊልህ አይችልም። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ የ2010ሩ ደንብ ቁጥር 461 ዕቃ ሠሪው ያቀረበውን ዕቃ ለሌላ ሻጭ እንዳይሸጥ፣ የራሱንም ስም እንዳያትምበት መኪና ፋብሪካው ቢያግደው የውድድር ሕግ እንደሚጥስ ያስቀምጣል። ያ የተሞረደ አርም በግልጽ የሚሸጠው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

መጋዘን ጠባቂ ስለ መብራት ያነሳው ላይም ሕግ አለበት። ፓራፋንጎ፣ ኮፈን፣ መብራት የመኪናውን መልክ የሚሠሩ ናቸው፣ መልክ ደግሞ እንደ ንድፍ ተመዝግቦ ይጠበቃል። ሞተር ውስጥ ያለን ፖምፓ ሌላ ሰው በሌላ ቅርጽ ሊሠራው ይችላል፣ ፓራፋንጎን ግን በሌላ ቅርጽ ብትሠራው ማን ይገዛሃል? ከመኪናው ጋር አንድ ካልሆነ ጥቅም የለውም፣ አንድ ከሆነ ደግሞ የሰው ንድፍ ነው። በዚህ መሀል ተወዳዳሪ ጠፋ፣ ዋጋውም ሽቅብ ወጣ። ጀርመን በ2020 መጨረሻ ለጥገና የሚውለውን ከዚህ ጥበቃ የሚያስቀር አንቀጽ አስገብታለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 ለሁሉም አባል አገራት የሚሆን ተመሳሳይ አንቀጽ ያለበት መመሪያ አውጥቷል። ፋብሪካዎቹ ደስ አላላቸውም።

ታርጋ የለሽ፦

የማታ ተማሪ ቀን ቀን የት ነው የምትሠራው? ጠበቃ ስፈልግ ልደውልልህ።

መጋዘን ጠባቂ፦

ዘይት በእጁ ያለው ላይ አንድ ነገር ላስተካክል እንጂ አልቃወምም። የፋብሪካው ካርቶን ውስጥ ያለው ትርፍ ክፍያ በሙሉ የስም ነው ማለት አልነበረም ሐሳቤ። ፋብሪካው ዕቃውን ከመቀበሉ በፊት አስፈትኗል፣ ልኩን ያልጠበቀውን መልሷል፣ ሲበላሽም የሚጠየቅ አለ። ያ ዋጋ አለው። የእኔ ጥያቄ ያ ዋጋ እጥፍ ያህላል ወይ ነው። ሎዋር አርም ላይ አያህልም። ያው ፎርማ፣ ያው ብረት፣ ያው ጎሚኒ፣ ሠሪው ራሱ በስሙ ዋስትና ይሰጥሃል። የፍሬን ሸራ ላይ ግን ቅመሙን ካላወቅኩ እኔም የፋብሪካውን እገዛለሁ። ሰንሰርም ላይ እንደዚያው፣ ካልሆነ የሠሪውን ስም አይቼ ነው።

ሌላ ብዙ ሰው ልብ የማይለው የዋጋ ምንጭ አለ። ፋብሪካው ብዙ ጊዜ ሙሉውን ነው የሚሸጥልህ። የተበላሸው ጎሚኒ ብቻ ሆኖ ሳለ መጽሐፉ ውስጥ ለብቻው ቁጥር የለውም፣ አርሙን በሙሉ ግዛ ይልሃል። ዕቃ ሠሪው ግን ጎሚኒውን ለብቻው ያወጣዋል። ኩሽኔታው፣ ያንተ አርም ራሱ ካልተጣመመና ቦልጆይንቱ (ጫፉ ላይ ያለው የሚዞረው መገጣጠሚያ) ጤነኛ ከሆነ ሁለቱንም ካርቶን ትተህ ጎሚኒውን ብቻ መግዛት ትችል ይሆናል።

ኩሽኔታው፦

ቦልጆይንቱ ይንቀጠቀጣል፣ ስለዚህ ሙሉውን ነው የምቀይረው። ሌምፎርደሩን ወሰድኩ። ስገጥመው ልጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ?

ዘይት በእጁ፦

ያረጀውን ቡሎን አትመልሰው፣ አብዛኞቹ አንዴ ብቻ የሚጠብቁ ናቸው፣ አዲስ ግዛ። የጎሚኒውን ቡሎን ደግሞ መኪናው ክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ጨርሰህ አታጥብቀው። መጀመሪያ በእጅህ ያዝ አድርገው፣ መኪናውን መሬት አውርደው፣ በጎማው ሲቆም ያኔ በልኩ አጥብቀው። ተንጠልጥሎ ካጠበቅከው ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይታሰርና መኪናው ሲወርድ ሁልጊዜ እንደተወጠረ ይኖራል፣ ቶሎ ይቀደዳል። ሲያልቅ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አስደርግ።